መንገዱ እሬቱ ዘንድ ለምን ይዞራል

ሃያ ሰባት ዓመት እንከን ስፈልግ ኖሬአለሁ። ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እንጀራዬ እሱ ነበር። ከሥሩ መብራት በተገጠመለት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ ዓይኔን ሳልነቅል አያለሁ፤ የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ጠብታ ሲመጣ ማሽኑን አቁሜ በጠመኔ አከብበዋለሁ። የሽመና ክፍል ሰዎች አይወዱኝም ነበር። ሙስሊሙ "ወላሂ ንጹሕ ነው"፣ ክርስቲያኑ "በማርያም ንጹሕ ነው" እያለ ይምልልኛል። እኔ ደግሞ "መሐላ ቀዳዳ አይደፍንም" ብዬ ጠመኔዬን አነሣለሁ። ራሴ ግን ምዬ አላውቅም፤ ያየሁትን ካሳየሁ መሐላ ምን ያደርግልኛል? "ይቺ ሴት ጀነት ብትገባም የበሩን ማጠፊያ ሳትፈትሽ አታልፍም" ይሉኝ ነበር፣ ያውም እየሰማሁ።

ዓይኔ ደክሞ ሥራውን ስለቅ ጠረጴዛው ቀረ እንጂ ልማዱ አልቀረም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የጎረቤት አጥር ዘሞ ሳይ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አንድ ሐሙስ ማለዳ ስልኩን እያውለበለበ መጥቶ "ያ የእናንተ ኮረብታ እኮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ! ቅዳሜ በነጻ ያስጎበኛሉ" ሲለኝ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት "በነጻ" የሚለውን ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

የእኛ ኮረብታ የሚለው ቦሩ ሜዳን አለፍ ብሎ በኩታበር በኩል ያለውን ነው። የተወለድኩት ከእግሩ ሥር ነው። አባቴ ደግሞ የተቀበረው እላዩ ላይ ነው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ሞተ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያኔ ሬሳ ተሸክሞ እስከ መስጊዱ ወይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚደርስ ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ የሞተው ሁሉ እዚያው ኮረብታው ወገብ ላይ ተቀበረ። ዝናቡ ሲመለስ እናቴ እሬት ተከለችበት። ባገራችን ቀብር ላይ እሬት ይተከላል፤ ድርቁም ውርጩም አይገለውም። ከዚያ እኔን ይዛ ደሴ ገባች። ሦስት ጊዜ ያህል መልሳ ወስዳ አሳይታኛለች። "ከትልቁ ቋጥኝ ሦስተኛው እሬት። አባትሽ እሱ ዘንድ ነው። አደራሽን" ትለኝ ነበር። የቆመ ድንጋይ የለው፣ የተጻፈ ስም የለው፤ ሦስተኛ መሆኑ ብቻ ነው ምልክቱ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወጣሁም። ለሰው የምነግረው ምክንያት አላጣም፤ የፋብሪካው ፈረቃ፣ ልጆች፣ ጉልበቴ፣ ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ። እውነቱን ከተናገርኩ አደራ በልቻለሁ። አሁን በስተርጅና "ጥብቅ ስፍራ" ሲሉኝ ደነገጥኩ። ቦታ ሲታጠር ለማን እንደሚታጠር መች ይነገረናል? ገደሉን ቁልቁል የሚያይ ሎጅ ሊሠራበት ነው የሚል ወሬም ከዚህ በፊት ጆሮዬ ደርሶ ነበር። ዶዘር አባቴ ላይ ሲሄድ ታየኝ። ልብስ ሰፊውን "እሄዳለሁ" አልኩት፤ ልጎበኝ ሳይሆን ልቆጣጠር።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ሄድን። ልብስ ሰፊው ከፊት ተቀምጦ ከመናኸሪያው ጀምሮ መንገዱን በስልኩ ይቀርጻል። እሱ የቀረጸው ነገር ሁሉ ከምሳ በፊት ፌስቡክ ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመት የእኔን ጉልበት ሕመም ሳይቀር ለጥፎት ከአዲስ አበባ "አይዞሽ" የሚል ስልክ ተደውሎልኛል። ስለዚህ አጠገቡ አልተቀመጥኩም።

ከኮረብታው ሥር ሁለት ሰዎች ተቀበሉን። አንዷ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ነበረች፤ ልጄን የምታክል፣ ሸጋ፣ ታብሌቷን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን ያቀፈች። "እንኳን ደህና መጡ እማማ" አለችኝ። እማማ! አንድ እንከን ብዬ ያዝኩ። ሁለተኛው አስጎብኚው ነበር፤ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት የሚበልጥ ረጅም ሰው፣ ማተብ ያሰረ፣ ዱላ የያዘ፣ በደረቱ ላይ አዲስ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ። ገና ሳየው አወቅሁት። ያገሬ ልጅ ነው። ለዓመታት ቧንቧ ውሃ ድረስ በአህያ ከሰል እየጫነ ሲሸጥልን የኖረ ሰው ነው። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይሄ አይደል? የወይራ ዛፍ ሲያከስል የኖረን ሰው የወይራ ጠባቂ አደረጉት።

እሱም አወቀኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ትንሽ ቆመና ወዲያው ወደ መሬት ወረደ። ሰላም አላለኝም። ያገሩን ልጅ አይቶ ሰላም የማይል ሰው አንድ ነገር አለበት ብዬ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከኋላው ሆንኩ።

መቼም ለሐቁ፣ ሥራውን ያውቃል። ቀጋውን፣ አጋሙን፣ ክትክታውን እያሳየ ይወጣል። "ከብት ከቆመ ወዲህ እኮ ነው ይሄ ሁሉ የወጣ። እኛ አልተከልነውም፤ መሬቱ ሆዱ ውስጥ ይዞት ነበር፣ እግራችንን ስናነሣለት ወጣ" አለ። አንዲት የእግሩን ቁመት የምታህል ወይራ ዘንድ ቆሞ ቅጠሏን ዳበሰና "ይቺን በደንብ አውቃታለሁ። እናቷን ከሰል አድርጌ ደሴ ሰው ጋ ሸጫታለሁ። አሁን ልጂቱን አሳድግ ተብዬ ተፈርዶብኛል" ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለሙያዋም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጥፋቱን አስቀድሞ በሳቅ የሚናገር ሰው ሌላ የሚበልጥ ጥፋት ይኖረዋል። ፋብሪካ ውስጥ ትንሿን ቀዳዳ ራሳቸው እየጠቆሙ ትልቁን በእጃቸው የሚሸፍኑ ነበሩ።

መንገዱ በችካል የተመለከተ ነው። በየሃያ ሠላሳ እርምጃው አንድ ችካል አለ፤ ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እኔ ዛፉን ትቼ ችካሉን ነበር የማየው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሥርዓት ያለው መስመር ነው። ጉልበቴ እየጮኸ፣ ጉም እየለቀቀ፣ ወገቡ ላይ ስንደርስ ትልቁን ቋጥኝ ከሩቅ አየሁት። ከቋጥኙ ወዲህ እሬቱ አለ፤ ከድሮው ሰፍቷል፣ አበባው ቀልቷል። ይኸው ደረስን አልኩ በሆዴ።

እዚያ ላይ መንገዱ ዞረ።

ቀጥ ብሎ ሲመጣ የነበረው መስመር ድንገት ወደ ግራ ታጥፎ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ እሬቱን በሩቁ ከብቦ ከላይ ይወጣል። አስጎብኚውም እዚያ ላይ እርምጃውን አፈጠነ። "ወዲህ፣ ወዲህ፣ ኮሶው በዚህ ነው፣ ኮሶ ያላያችሁ ኑ" እያለ እንደ በግ ነዳን። ሁሉም ተከተለው። እኔ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ። ቀጥታው ላይ፣ ችካል መኖር በነበረበት ርቀት ላይ፣ በአፈር የተደፈነ ጉድጓድ አለ። ጥቂት ራመድ ብዬ ሁለተኛ አገኘሁ፤ አፈሩ ከዙሪያው ይለያል፣ ሣር አልበቀለበትም። የተነቀሉ ችካሎች! የተበጠሰ ክር በሌላ ክር ሲቀጠል ቋጠሮው በመብራት እንደሚታየው ታየኝ። አንድ ሰው መንገዱን ነቅሎ አዙሮታል፤ እኔ አባቴ ዘንድ እንዳልደርስ፣ ማንም እንዳይደርስ።

ያን ጊዜ በደንብ ላስብበት ይገባኝ ነበር። አላሰብኩም። ሃያ ሰባት ዓመት ማሽን ሳቆም ስለኖርኩ አፌ ቀደመኝ።

"አቁሙ!" አልኩ። "አንተ፣ ለምን በዚህ አትወስደንም? ችካሉን ማን ነቀለው? ምን ደብቀህ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አስጎብኚው ከታች ቆሞ አየኝ። "እሾህ ነው" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "እሬት ነው ያለው። ልብስ ይይዛል።"

"ችካሉንም እሾህ ነው የነቀለው?"

ባለሙያዋ ወደ እኔ መጣች፣ ጉድጓዶቹን አየች፣ ታብሌቷን ከፍታ በጣቷ ካርታውን ገፋ ገፋ አደረገች። ፊቷ ተለወጠ። "እውነታቸውን ነው። በካርታው ላይ መንገዱ ቀጥታ ነው የሚያልፈው፣ በእሬቱ መሀል። ጋሼ፣ መንገዱን ማን አዞረው?" ልብስ ሰፊው ስልኩን አንሥቶ መጣ። በእውነት ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እንከን ሲገኝ የሚሰማኝን ያንን የድሮ ደስታ ካገኘሁት ቆይቼ ነበር።

ማንንም ሳልጠብቅ እሬቱ ውስጥ ገባሁ። ቀሚሴን እየያዘ፣ እጄን እየቧጨረ፣ ቋጥኙ ድረስ ሄድኩና ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሦስተኛው በቦታው አለ። ደህና ነው፤ ማንም አልነካውም። እንዲያውም ሥሩ ተኮትኩቷል፣ የደረቀው ቅጠል ተለቅሞ ወደ ዳር ተከምሯል። ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ነው። አረም የለም፣ ማንም ረግጦ ያለፈበት ዱካ የለም። ሎጅም ዶዘርም የሚመጣ አይመስልም። አንድ ሰው በየጊዜው እየመጣ ሲንከባከበው ኖሯል። ታዲያ መንገዱ ለምን ዞረ?

አስጎብኚው ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል። ባለሙያዋ በዳር በዳር እየዞረች ፎቶ ታነሣለች፤ ልብስ ሰፊው ከእሷ ኋላ ነው። አስጎብኚው ዱላውን ተደግፎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ በሹክሹክታ ተናገረኝ።

"እታለም፣ ምን በደልኩሽ? አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽ? እናትሽ አልነገረችሽም?"

"ምኑን?"

"መንገዱን እኔ ነኝ ያዞርኩት። ቀያሾቹ ልክ በሙታኑ ደረት ላይ ነበር ያሳለፉት። ምን ያውቃሉ፣ እሬት ነው ያዩ። ቅሬው ተሰብስቦ 'አንተ ጠባቂ ነህ፣ ዝም ብለህ አዙረው' አለኝ።"

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛ አገር ቅሬ ግን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ይቀብራል። "ለምን ለቢሮው አትናገሩም ታዲያ? ቀብር ነው ብትሉ ማን ይነካዋል?" አልኩት።

"የማን ቀብር ነው ይላሉ። የእስላም ነው የክርስቲያን? በየት በኩል ይታጠር? ማን ይረከበው? እስቲ አንቺ ለይልኝ! ያን ጊዜ ማን ማንን ለየ? ሼሁም ሞቱ፣ ቄሱም ተኙ፤ የተረፈው ነው ደርቦ የቀበረ። ከመንገድ የወደቀው አለ፣ ስሙን የማናውቀው። ሽማግሎቹ ድንጋይ አይቁም ያሉ ለዚህ ነው። ድንጋይ ከቆመ የእኔና ያንተ ይመጣል፤ ያልተለየው ደግሞ ወገን ያጣል። እሬት ለሁሉም ተባለ። ሴቶቹ ተከሉ። እስከዛሬ ዝም ብለን ጠበቅን። ዛሬ ጊዜው ክፉ ነው፤ ይሄ ነገር በስልክ ከወጣ ነገ አንዱ ባንዲራ ይዞ ሌላው አጥር ይዞ ይመጣል። ያጣላናል፣ እታለም። እነሱንም እኛንም።"

ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እዚያው ከአባቴ ጋር በተኛሁ። ይሄ ሰው ሰላም ያላለኝ ለካ ፈርቶኝ ነው፤ የዚህ ልጅ ስለሆንኩ አውቄ አፌን እንዳልከፍት። እኔ ግን አውቄ ሳይሆን ሳላውቅ ከፈትኩት። እናቴ ደግሞ ለምን አልነገረችኝም? ምናልባት ምላሴን ታውቀው ነበር።

"አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

ባለሙያዋ ዓይኗ እያበራ መጣች። "እማማ፣ ድንቅ ነገር ነው ያገኙት! ይሄ የዱር እሬት አይደለም፤ በመስመር ነው የተተከለው! ማን ተከለው? ለምን?"

ልብስ ሰፊው ከጎኗ ቆሞ ስልኩን ወደ ፊቴ አቀና። አስጎብኚው አንገቱን ደፋ። አሥራ ሁለት ሰው መልሴን ይጠብቃል። እንዲሁ እሬት ነው ብል ነገ መንገዱን መልሳ በላያቸው ላይ ታሳልፈዋለች። ቀብር ነው ብል ደግሞ ያው የሰማሁት ይመጣል። ሃያ ሰባት ዓመት ያየሁትን ሳልናገር አንድ ሜትር ጨርቅ አሳልፌ አላውቅም።

"የዶሮ መድኃኒት ነው" አልኩ።

"ምን?"

"የዶሮ። ዶሮ ፈንግል ሲይዛት ይሄንን ከውሃ ጋር አድርገው ያጠጧታል። ያገራችን ሴቶች ናቸው የተከሉት። እናቴም ተክላለች።" አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆሚያ አጣሁ። "ታዲያ አይረገጥም። ሰው ካለፈበት፣ ከብት ካለፈበት፣ ኃይሉ ይጠፋል። መንገዱን ያዞረው ለዚያ ነው። ሴቶቹ ቢያዩ ጠባቂውን በድንጋይ ነው የሚያባርሩት። እኔ ደሴ ከከረምኩ ረስቼው ነው የጮኽኩት።"

ሰዉ ሳቀ። ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም፤ "ባህላዊ እውቀት!" ብላ ታብሌቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። "ጋሼ፣ ይሄንን ለምን አልነገሩኝም? እንዲህማ ከሆነ መንገዱ በዞረበት ይሁን። ሰሌዳም እናቆምለታለን።" አስጎብኚው "የሴቶች ነገር ነው ብዬ አፍሬ" አለ። ውሸታም አይደለም፤ ያስታውቅበታል።

እንዲህ ሆኖ ባለቀ። ልብስ ሰፊው ግን እንኳን በእሬት በእንቁላልም ይጠረጥራል፤ በዚህ እኔና እሱ እንመሳሰላለን። ስልኩን ሳያወርድ "እኔ ደሞ ቀብር መስሎኝ ነበር። እኛም አገር ቀብር ላይ ይሄንን ይተክላሉ። ቀብር አይደለም?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ወላሂ በይ እስቲ!" አለ እየሳቀ። ለእሱ ጨዋታ ነው። ሰዉም "በይ፣ በይ" አለኝ።

ሦስተኛው እሬት ቀሚሴን እንደያዘኝ ነበር። እግሬ የቆመው አባቴ እግር ሥር ይሁን ራስጌው አላውቅም። ስልኩን አየሁት።

"ወላሂ" አልኩ፣ "ቀብር አይደለም።"

ስንወርድ ሌሎቹ ከፊት ናቸው፤ ልብስ ሰፊው ለባለሙያዋ ስለ ዶሮ ይነግራታል። አባቴን በሕዝብ ፊት ካድኩት፣ በአላህ ስም ካድኩት፣ ተቀርጿል። ጉልበቴ ሲከዳኝ አስጎብኚው ዱላውን ሰጠኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ አንድ ነገር ማለት አለብኝ ብዬ "አላህ ይስጥህ" አልኩት። "አባቴን ጠብቀህልኛል። ከሁሉም አስበልጠህ ኮትኩተኸዋል፤ አየሁት፣ ሦስተኛውን።"

ቆመ። "የትኛውን?"

"ከቋጥኙ ሦስተኛውን። እናቴ ያሳየችኝ እሱን ነው።"

አረንጓዴ ሰደርያውን ያለ ምክንያት ወደታች ጎተት አደረገና "የእኔም እናት ያሳየችኝ እሱን ነው" አለኝ። "'ከቋጥኙ ሦስተኛው፣ አባትህ እሱ ነው' ብላ። ነፍሷን ይማርና፣ እስከ ሞቷ ድረስ ውሃ እየተሸከመች ታጠጣው ነበር።"

አመሌ ነውና መጀመሪያ እሱን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ እናቱን። ከዚያ የእኔን እናት ጠረጠርኩ፤ አባቴ በሞተበት ሳምንት እሷም በትኩሳት ወድቃ ነበር፣ ማን የት እንደቀበረው እንዴት አወቀች? አላወቀችም። ልጇ "የት ነው?" ስትላት ባዶ እጅ መመለስ አልቻለችምና ወደ አንዱ ጠቆመች። የእሱም እናት እንዲሁ። ሁለቱ ተመካክረው ይሁን ሳይመካከሩ አሁን የሚጠየቅ የለም።

"እንግዲህ ምን ይደረግ?" አለኝ።

"ምን ይደረጋል። አንተ መኮትኮትህን አትተው።"

"አብሽሪ" አለኝ፣ እንደ እኛ እንደ ሙስሊሞቹ።

ሚኒባሱ ዘንድ ስንደርስ የአባቱን ስም ጠየቅሁት። ነገረኝ። የክርስትና ስሙንም ጨመረልኝ። ዱላውን መለስኩለትና ተሰናበትን።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን ጾምኩ፤ በሐሰት የማለ ሦስት ቀን ይጾማል ሲባል ሰምቼ። ልጄ "የምን ጾም ነው?" ስትለኝ የረመዳን ዕዳ ነው አልኳት፤ ያም ውሸት ነው። ሰሌዳው ቆሟል። ልብስ ሰፊው ፎቶውን አምጥቶ አሳየኝ፤ "የባህል የዶሮ መድኃኒት፣ አይረገጥም" ይላል። ደስ ብሎት ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰላት በኋላ ለአባቴ ዱዓ ሳደርግ ያን የክርስቲያን ስም አብሬ እጠራለሁ፤ የትኛው እዚያ እንደተኛ ስለማላውቅ። ሼሁ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ አልነግራቸውም።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የታወሰኝ። እኔ የአባቱን ስም ስጠይቀው እሱ የእኔን አባት ስም አልጠየቀኝም። ከሞተ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ስም እንዴት ሳይጠፋው ቀረ? ሲኮተኩት የእሱንም ስም ከሌሎቹ ጋር እየጠራ ኖሯል ብዬ እጠረጥራለሁ።